የአባቴ ጣቶችና ቀጭ የሚለው መፍቻ

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም አሮጌ መኪናቸውን ለሜካኒክ አሳልፈው አይሰጡም። ቤታችን በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ፣ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ስለሆነ መኪናዋ የምታድረው ከግንቡ በር ውጭ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ መሣሪያቸውን በዘንቢል ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ። ዘይት ይቀይራሉ፣ ካንዴላ ይጠርጋሉ፣ ጎማ ያዛውራሉ። ብሎን ሲያጠብቁ ዓይናቸውን ይከድኑ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ “ሲበቃው ራሱ ይነግርሻል” ይሉኛል።

ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። መጀመሪያ እግራቸው ደነዘዘ፣ ከዚያ ጣቶቻቸው። ለማንም አልተናገሩም። እኛ ያወቅነው በሻይ ብርጭቆ ነው። እናቴ ገና ከእሳት የወረደ ሻይ ቀድታ ሰጠቻቸውና ብርጭቆውን በሙሉ መዳፋቸው ጨብጠው ወሬያቸውን ቀጠሉ። እሷ ናት ደንግጣ የነጠቀቻቸው። እሳቸው ምን እንደሆነች አልገባቸውም።

አንድ ጠዋት ሦስታችን ሶፊ ወረዳ የምትኖር አክስቴን ልንጠይቅ ተነሳን። አባቴ ማለዳ ወርደው የፊቱን ጎማ ቀይረው ጠበቁን። የምነዳው እኔ ነበርኩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መሪውን ለእኔ ትተው ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ እናቴ ከኋላ። ከከተማ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ወርጄ ሳይ ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎች ላልተዋል፤ አንዱ ጭራሽ የለም።

አባቴ ወርደው አጠገቤ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አንዱን ዳዶ በጣታቸው አዞሩት። ያለ ምንም መፍቻ ዞረላቸው።

“ያጠበቅኩት እኔ ነኝ” አሉ።

“መንገዱ ነው አባባ። ኮረኮንች አላላው።”

“መንገዱ አይደለም። የበቃው መስሎኝ ነበር።”

እናቴ አልሐምዱሊላህ ማለቷን አላቋረጠችም። እኔ ጎማውን እንደገና አጠበቅኩና ወደ ቤት ተመለስን። አባቴ መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘንቢሉን አላነሱም። ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሬዲዮው ተከፍቶ ይሰሙት አይሰሙት አይታወቅም። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ሰውዬው እያለ እያጣሁት ነው” አለችኝ።

ያኔ ነው ቶርክ ሬንች የሚሉትን መፍቻ መፈለግ የጀመርኩት። ብሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት በቁጥር ትሞላበታለህ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ያሳውቅሃል። ጣታቸው የማይነግራቸውን መሣሪያው ይነግራቸዋል ብዬ አሰብኩ። ፈረስ መጋላ አካባቢ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ባትሪ ያለው፣ ቁጥር የሚያበራ ነበር። ዋጋውን ሰምቼ አመስግኜ ወጣሁ። ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ግን አንድ መሣሪያ ሻጭ ዋጋቸውን የምችላቸውን ዘረጋልኝ። አንዱ ትንሽ ነበር፤ ለቀጫጭን ብሎን እንጂ ለጎማ አቅም የለውም። ሁለተኛው ቀስት ያለው ነው። ስትስበው ቀስቱ በቁጥሮቹ ላይ ይሄዳል። ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም። ግን ቁጥሮቹ ደቃቃ ናቸው፤ የአባቴ ዓይን አያነባቸውም። ሦስተኛው እጀታው ውስጥ ተጨምቆ የሚለቀቅ ሞላ አለው፤ ቁጥሩን እኔ ከሞላሁበት ልኩ ሲደርስ ቀጭ ይላል።

ሻጩ አንድ ብሎን ጠረጴዛው ላይ አስሮ አስሞከረኝ። ደጋግሜ ሳብኩት። ቀጭ አለ።

“ለጋራዥ ነው?” አለኝ።

“ለአባቴ ነው።”

“ሠርተው ሲጨርሱ ቁጥሩን ወደ ዝቅተኛው ይመልሱት። አለበለዚያ ሞላው ይደክምና መዋሸት ይጀምራል።”

እሱን ገዛሁ።

አባቴ መፍቻውን ተቀብለው ሲያገላብጡት ቆዩና፣ “እንግዲህ ብረት ነው የሚመክረኝ?” አሉ። ያሉት በጌይ ሲናን ነው፤ በቤታችን ቋንቋ ሲባል የበለጠ ይጎዳል። በማግስቱ ግን ጫማቸውን ሲፈልጉ አየኋቸው። ዘንቢሉን እኔ ያዝኩ።

ከመኪናዋ አጠገብ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ቢስሚላህ ብለው ሳቡ። ባጃጆች በአጠገባችን ያልፋሉ፣ ሰው ይጫጫሃል። ቀጭ ሲል እኔ ሰማሁ። አባቴ አላቆሙም። ደግሞ ቀጭ አለ፤ አሁንም ሳቡ።

“አባባ፣ ብሏል።”

“አልሰማሁም።”

“እጅ ላይም ይታወቃል፣ ትንሽ ነጠር ያደርጋል።”

መፍቻውን አውርደው መዳፋቸውን ተመለከቱ። “እጄ ላይማ ምንም የለም ልጄ” አሉ።

ስመርጥ ዓይናቸውን ብቻ ነበር ያሰብኩት። መፍቻውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ “አንቺ ሳቢ። እኔ ልይሽ” አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዙኛል፤ ዳዶዎቹን በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅኩ እንዳጠብቅ ያስተማሩኝ ያኔ ነው። “እግርሽን ሰፋ አድርጊ። በጉልበት አይደለም፣ በክብደትሽ ሳቢው።” አንዳንዴ ይቆጡኛል፤ ሲቆጡ ደስ ይለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እግራቸው ላይ ቁስል ወጣ፤ አልድን አለ። ሐኪም ቤት እግራቸው ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ጀናዛቸው በዚያው በግንቡ በር ወጣ። መኪናዋ ዝናብ እየመታት ግንቡ ሥር ቆማ ነበር፤ የተሸከሟቸው ሰዎች እየዞሯት አለፉ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴ ሶፊ ውሰጅኝ አለችኝ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ መፍቻውን ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ከዚያ የፊቱን በር ከፈትኩላት። ሻርፗን እያስተካከለች ወንበሩን አየችው፣ በሩን በቀስታ ዘጋችውና ከኋላ ገባች።

“ከፊት ይሻልሻል እማ፣ ወገብሽን ያምሻል።”

“እዚህ ይበቃኛል፣ ንጂ” አለች።

ሞተሩን አስነሳሁ። የአባቴን ባዶ ወንበር ከጎኔ ይዤ ቁልቁለቱን ጀመርኩ።