ምድር የተናወጠችው በማን ኃጢአት ነው?

ምድር በተናወጠችበት ቀን አውድማ ላይ ነበርን። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ባሌ ዱር ከገባ ከርሞ ስለነበር እኔ ይጁቤ አጠገብ ወዳለው ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። አባቴ የአጥቢያችን ቄስ ነበሩ። ያን ዕለት ረፋዱ ላይ ጤፍ እየወቃን ሳለ በሬዎቹ ድንገት ቆሙ። አባቴ ጅራፉን ቢያጮሁትም አልተንቀሳቀሱም፤ እግራቸውን አንፈራጠው፣ ጆሯቸውን አቁመው ቀሩ። ወዲያው ከገደሉ ሥር የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ተሰማ።

«አይሮፕላን ነው፤ ተበተኑ» አለች እናቴ።

ሁላችንም ወደ ሰማይ አንጋጠጥን። በዚያ ዘመን ሞት የሚመጣው ከላይ ነበር፤ ወደ እግሩ ሥር ያየ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ምድሩ ከሥራችን ተንሸራተተ። የነዶው ክምር ተናደ። እኔ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ መዳፌን ባሳርፍ አፈሩ እንደታመመ ከብት ገላ ይንቀጠቀጣል። ሲያቆም ለአፍታ ወፍ እንኳ አልጮኸችም። ከዚያ ከጎረቤታችን ግቢ የሴት ጩኸት መጣ።

የበረቱ ካብ ሕፃን ልጇ ላይ ተንዶ ነበር። ገና ቆማ መሄድ የጀመረች ልጅ ናት። ድንጋዩን ያነሣነው እናቴና እኔ ነን። ስለዚያ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ምድሪቱ አልፎ አልፎ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው፣ ትንሽ ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ባትንቀጠቀጥም እኔ የተንቀጠቀጠች ይመስለኛል። ውሃ ልቀዳ ወርጄ እንስራዬን ሳልሞላ እመለሳለሁ። ፈትል ይዤ እቀመጥና እንዝርቱን ጥዬ ደጅ እወጣለሁ። ወሬው ደግሞ የባሰ ነበር። ምንጭ ላይ የሚገናኙት ሴቶች፣ ከቁይ ገበያ የሚመለሱት ወንዶች፣ ሁሉም እግዜር ተቆጥቷል በሚለው ይስማማሉ። የማይስማሙት በማን ላይ እንደተቆጣ ነው። አንዱ ለጣሊያን በገቡት ነው ይላል፤ ሌላው ዱር ሆነው የወገናቸውን ደም በሚያፈስሱት ነው ይላል።

እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። ባሌ ዱር ነው። ወንድሜ ደግሞ ለጣሊያን ገብቶ ደብረ ማርቆስ ከአገሩ ሹም ዘንድ ያገለግላል። እግዜር በማንም ላይ ቢቆጣ ቁጣው ከእኔ ቤት አይወጣም።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ በበቅሎ መጣ። እናቴ እርጎ ሰጠችው፤ ቆሞ ጠጣው።

«ሹሙ ልከውኝ ነው፣ አባባ» አለ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ይንገሩልን ብለዋል። ምድር የተናወጠችው ሽፍቶቹ ባፈሰሱት ደም ነው፤ በመንግሥት ላይ ያመፀ በእግዜር ላይ አመፀ ይበሉ ብለዋል።»

«ይህን ለአንተ ማን ነገረህ?»

«ሹሙ ናቸዋ።»

«ለሹሙስ ማን ነገራቸው?»

«እምቢ ካሉ ይወስዱዎታል፣ አባባ። እኔ ላስጥልዎ አልችልም።»

አባቴ ወጥተው በቅሎውን ፈቱለት። እሱም አላደረም።

ባሌ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ፣ ጢሙ አድጎ ከጓሮ በኩል ሲገባ መጀመሪያ አላወቅሁትም። የአባቴን መስቀል ተሳልሞ ሳይቀመጥ መልእክቱን ጀመረ።

«አለቃችን ልከውኝ ነው። እሑድ ለጣሊያን የገቡትን ሁሉ ያውግዙልን ብለዋል። ሰዉ ፈርቷል፣ ልቡ ተከፍቷል፤ ይህን ምልክት አይቶ ካልተነሣ ወደፊትም አይነሣም።»

አባቴ «የጎረቤታችን ልጅ ለማን ገብታ ነበር?» አሉት።

«አባቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው ያደረስኩ።»

«ልጄም እንደዚያው ነው ያለኝ» አሉ አባቴ።

እስከ አጥሩ ሸኘሁት። ስንት የምነግረው ነገር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «አንተስ ታምንበታለህ?» የሚል ነው።

«ማመን አለብኝ» አለኝ። «ካላመንኩ የዱሩን ብርድ አልችለውም።»

እሑድ እስኪደርስ እናቴና እኔ ቤቱን ስንዞረው ሰነበትን። «አመመኝ ብለው ቢቀሩስ?» አለቻቸው እናቴ። «አላመመኝም» አሉ አባቴ፤ በዚያው አበቃ።

እሑድ ሕዝቡ ሕንፃው ይወድቅብናል ብሎ ስለፈራ አብዛኛው ከዛፎቹ ሥር ቆሞ ነው ያስቀደሰ። ቅዳሴው ሲያልቅ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ልጇ የሞተችባት ጎረቤታችን ከእኔ አጠገብ ነበረች።

«ሁለት መልእክት መጥቶልኛል» አሉ። «አንዱ ኃጢአቱ የእነዚያ ነው በል ይላል፤ ሌላው የእነዚህ ነው በል ይላል። እግዚአብሔርን ጠየቅሁት፤ አልነገረኝም። እሱ ያልነገረኝን በስሙ አልናገርም። ወንጌሉም ግንብ ተንዶ የገደላቸውን ሰዎች፣ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ነበሩ አይልም። ንስሐ ግቡ የሚለው በሕይወት የቆምነውን ነው።»

አንድ ሽማግሌ «እንግዲያ ምድር በከንቱ ተናወጠች ማለት ነው፣ አባታችን?» አሉ።

«በከንቱ ነው አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩ።»

ከዚያ ወደ እኛ በኩል ዞረው፣ የዚህች እናት በረት ፈርሷል፤ ጉልበት ያለው ነገ ይምጣ አሉና መስቀል አሳልመው ገቡ። ሕዝቡ እያጉረመረመ ተበተነ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከፍቶኝ ነበር። የፈለጉትን ይበሉ፣ ብቻ አንድ ነገር ተናግረው ይህን የልቤን መናወጥ ቢያቆሙልኝ ስል ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ የሹሙ ወታደሮች መጥተው ወሰዷቸው። ወንድሜ ከሹሙ እግር ላይ ወድቆ ለመነላቸው፤ ከሥራው ከመባረር በቀር ያተረፈው የለም። እዚያው ደብረ ማርቆስ የቀን ሥራ እየሠራ ስንቅ ያቀብላቸው ጀመር። አርበኞቹም ቢሆኑ ቄሱ ፈርተው ነው አሉ፤ ከንስሐ ልጆቻቸው ብዙዎቹ ወደ ሌላ ቄስ ሄዱ። አባቴ የተለቀቁት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከስተው፣ አንድ ጆሯቸው አልሰማ ብሎ መጡ። ነጻነትን ሳያዩ ዐረፉ።

ጣሊያን ሲወጣ ባሌ በሕይወት ተመለሰ። ወንድሜን ሽማግሌዎች ከእሱ ጋር አስታረቁት፤ ሁለቱ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ ስለ ዱሩና ስለ ሹሙ ግን አያወሩም። ስለ መሬት መናወጡ ግን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሆነ፤ ጠላት እንደሚወጣ እግዜር አስቀድሞ ያሳየው ምልክት ነበር ተባለ። አዲሱ ቄስ በአንድ በዓል ይህንኑ ሰበኩ። ሕዝቡ እልል አለ።

አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው ጎረቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ተከተልኋት። ቁልቁል እስከ ወንዙ ወረድን።

«አባትሽ አላውቅም ያሉ ጊዜ ተቀይሜያቸው ነበር» አለችኝ። «ልጄ ለምን እንደሞተች አንዱ እንዲነግረኝ እፈልግ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሲነግሩኝ መቀመጥ አቃተኝ።»

ስብከቱ እስኪያልቅ አልተመለስንም።