አናቱ ያላበጠው ካፓሲተር

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ ሙሄዲን የሞንታርቦ አምፕሊፋየር ይጠግናል። አምፕ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው ካፓሲተሮቹን ነው። ደንበኛ "ምንድን ናቸው?" ብሎ ከጠየቀው፣ "ሮቶ በላቸው" ይላል። "ውሃው መጣ ሄደ እያለ ቢያስቸግርህም፣ ሮቶህ ደህና ከሆነ ቧንቧህ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ሮቶው ከተበላሸ ግን አለቀ፤ ድምጹ ያጉረመርምብሃል።"

አፈታተሹ የራሱ ነው። ክዳኑን ይከፍትና፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዳይመታው አምፖል አስነክቶ ያራግፈዋል። ከዚያ የካፓሲተሮቹን አናት በጣቱ ይዳስሳል፤ ያበጠ ካለ ይነቅለዋል። ከሥራቸው ቡናማ ነገር ቢያይ ወዲያው "አፍስሷል" አይልም፤ በጥፍሩ ይፍቀዋል። ደርቆ ከተፈረፈረ የፋብሪካ ማጣበቂያ ነው፤ ጣቱን ካረጠበው ግን በእርግጥም አፍስሷል። በማጣበቂያ ተታሎ ስንት ጤነኛ ካፓሲተር የነቀለ ጠጋኝ አለ። አዲስ ሲገዛም በእጁ መዝኖ ነው፤ ቆርቆሮው ትልቅ ሆኖ ክብደቱ እንደ ገለባ የቀለለውን ለሻጩ እዚያው ይመልስለታል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ቀጭን ድምጽ አይሰማም። ከወረባቦ ገጠር ወርዶ ወጣትነቱን የፈጀው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽመና ማሽን መሀል ነው። የጆሮ መድፈኛ ሰጥተውት ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ከረመ። ወፍራሙን ጉርምርምታ ዛሬም አያጣውም፤ እንዲያውም መዳፉን የስፒከሩ ወረቀት ላይ አሳርፎ ከማንም ቀድሞ ያገኘዋል። የወፍ ጫጫታና የተበላሸ ትንሽ ካፓሲተር ጭርጭርታ ግን ለሱ የሉም። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ዚክራ ብቻ ናት። "ደንቆሮ ድምጽ ጠጋኝ ከተባልኩ ማን አምፑን ያመጣልኛል?" ይላታል።

ስለዚህ ዘዴ አበጁ። ዚክራ ምሳ ይዛ ትመጣና ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ድምጹ ከጸዳ ዝም ትላለች፤ ካልጸዳ ሻርፗን ታስተካክላለች። ደንበኛው "ጨዋ ሴት ናት" ብሎ ዓይኑን ይሰብራል፤ ሙሄዲን "ትንሽ ይቀረዋል" ብሎ ክዳኑን መልሶ ይከፍታል።

አንድ ቀን ከደሴ ሸኽ ሱሌማን ወረዱ። እዚያ ሆጤ ሰፈር ውስጥ መንዙማ የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ያመሰገኑት ጠጋኝ ከሆጤ ሥራ አይጎድልበትም፤ እሳቸው ያሙትን ደግሞ የሚፈልገው የለም። አምፓቸውን ከባጃጅ አስወርደው ገቡና ካፖርታቸውን አወለቁ።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ይሄ አገራችሁ ሰው ያበስላል።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም ሸኼ። ደሴ ደግሞ ሰው በብርድ ታደርቃለች፤ መሀል ላይ ብንገናኝ ይሻል ነበር።"

"መውሊድ ደርሷል፣ ይሄ ያጉረመርምብኛል። መንዙማ ስል አይሱዙ ከኋላዬ የሚከተለኝ ይመስላል። እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው የማሠራው፤ የኔ ጆሮ እንደሆነ አይታለልም።"

ሙሄዲን ከፈተው። ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች አናታቸው እንደ ድፎ ተነፍቷል። ነቅሎ በአዲስ ተካቸው። አምፑን አብርቶ መዳፉን ስፒከሩ ላይ ሲያሳርፍ ወረቀቱ ጸጥ ብሏል። ሸኽ ሱሌማን ማይኩን ተቀብለው ለነቢዩ ሰለዋት አወረዱበት።

"ማሻአላህ። ጠራ።"

ሙሄዲን ምሳ ይዛ መጥታ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ዚክራ ዞር አለ። የሸኹ ሰፊ ጀርባ መሀል ቆሞ ጋረዳት። ዚክራ ሻርፗን አንዴ ሳበች፣ ደገመች፤ እሱ ግን ካቻቪቴውን አንስቶ ክዳኑን መግጠም ጀምሯል። ቢቸግራት አፍ አውጥታ ተናገረች።

"ሙሄዲን፣ አትግጠመው። ይጠበሳል።"

"ምኑ?"

"ድምጹ። ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደጣሉበት ነው።"

ሸኹ ዞር ብለው አዩዋት። "ወላሂ ምንም የለውም። ልጄ፣ ምሳ ርቦሽ ይሆናል ሽንኩርት ያሰማሽ።"

"በልቻለሁ ሸኼ። ይጠበሳል።"

"በል እንግዲህ" አሉ ወደ ሙሄዲን፣ "ባለሙያው አንተ ነህ። ይጠበሳል ወይስ አይጠበስም?"

"አይጠበስም" ቢል ሰውየው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። መውሊዱ ላይ ግን የሚሰማው የዚክራን የመሰለ ጆሮ ያለው ሁሉ ነው። ሙሄዲን ካቻቪቴውን አስቀመጠ።

"ሸኼ፣ እኔ አልሰማውም። ቀጭን ድምጽ ከተለየኝ ቆይቷል፤ ማሽን ወስዶታል። እሷ አለ ካለች ግን አለ።"

ሸኽ ሱሌማን በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ካፖርታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት።

"ባለፈው ለሐድራ ዱዓ ተሰብስበን" አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሴቶቹ 'ማይኩ ይንጫጫል' ብለው ላኩብኝ። አርፋችሁ ሰለዋት አውርዱ አልኳቸው። ለካስ እኔም አልሰማም።"

ዚክራ ሳቋ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሙሄዲን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ደረቅ የመፋቂያ እንጨት አነሳ። ክዳኑን ከፍቶ፣ አምፑ እንደበራ፣ ማይኩ የሚገባበት በኩል ያሉትን ትንንሽ ካፓሲተሮች አንድ በአንድ መታ መታ ያደርግና ሚስቱን ያያል።

"ይሄ?"

"እንደነበረው ነው።"

"ይሄስ?"

"ቆይ። ባሰበት። አሁንም ንካው። አዎ፣ እሱ ነው።"

ሙሄዲን ጎንበስ ብሎ አየው። አናቱ ዝርግ፣ ሥሩ ንጹሕ፣ ልባሱ የሚያብረቀርቅ ካፓሲተር ነው። ቀደም ሲል ሙሄዲን ራሱ በጣቱ ዳስሶ "ጤነኛ" ብሎት ነበር። አምፑን አጥፍቶ አራገፈውና ነቀለው፤ በአዲስ ተክቶ አበራ።

"ጠፋ" አለች ዚክራ።

"ጠፋ?" አሉ ሸኹ።

"ጥርግ ብሎ።"

"አንቺ ካልሽ ይሁን።"

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። "ይሄን የጆሮዬን ነገር ሆጤ እንዳታደርሱብኝ።"

"የኔንም እርስዎ እንዲሁ፣ ሸኼ።"

"አብሽር።"

ከዚያ ወዲህ ዚክራ ከጥግ ተነስታ ስፒከሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የሚጠበሰውንም በግልጽ "ይጠበሳል" ትላለች። ሙሄዲንም ቀሎታል፤ የሰው ጀርባ እያየ አይሳቀቅም።

መውሊዱ ካለፈ በኋላ ሰፍዋን የሚባል የሆጤ ጎልማሳ አምፕ ተሸክሞ መጣ።

"ሸኽ ሱሌማን ልከውኝ ነው። መውሊዱ ላይ ድምጹን ሁሉም አመሰገነው።" ሱቁን በዓይኑ ቃኘ። "ግን 'ባለቤቱ ከሌለች እንዳታሠራ' ብለውኛል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።"

"ገበያ ሄዳ ነው፤ ትመጣለች። ተቀመጥ" አለ ሙሄዲን። "እስከዚያ ካፓሲተሮቹን ልያቸው።"