ባለ አንድ መስመሩ ወረቀት

ወልቂጤ ፎቶ ኮፒ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመች ተማሪ በያዘችው ወረቀት ላይ የሙዚቃ ኖታ አየሁ። በአምስት መስመር ፈንታ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ በላዩ ላይ ጥቋቁር ነጥቦችና ኤክሶች ተደርድረዋል።

ቡታጅራ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሙዚቃ ክበባችን መምህር እንዲሁ አስተምረውን ነበር። "ከበሮ ዶ ሬ ሚ የለውም፤ አንድ መስመር ይበቃዋል። ለምቱ ነጥብ፣ ለጭብጨባው ኤክስ።" ከዚያ የሰፈራችንን ከበሮ መቺ የጋሽ ሽኩርን ምት ጽፌ እንዳመጣ ላኩኝ። ጋሽ ሽኩር ታመው ስለነበር ልጃቸው በሳምንቱ ቆሼ ከተማ ወዳለው ቤቱ ሊወስዳቸው ነበር።

ቤታቸው ስሄድ ፀሐይ ላይ የሞቀውን ከበሮ ጭናቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። የቆዳው ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔ ነጥብ በነጥብ ተከተልኳቸው። በመሃል እጃቸውን አየር ላይ አቁመው አዩኝ።

"እዚህ ላይ የሚያጨበጭበው ሰው ነው። በይ እንጂ ልጄ።"

ደጅ ላይ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። አፈርኩ። "ኤክስ አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ ጋሼ" አልኩ።

"ወረቀትሽ ያጨበጭባል?" ብለው ሳቁ።

እጆቼን ደብተሬ ስር ደበቅኩ። ትንሽ ጠበቁኝ። "ከበሮ ሰው ካልመለሰለት አይቀጥልም" አሉና አስቀመጡት።

ከቆሼ አልተመለሱም። ወረቀቱ ዛሬም ቤቴ አለ፤ ያቺ ኤክስ ላይ ያልቃል።

"ቀጣይ" አለች ባለ ፎቶ ኮፒዋ።

ሳላውቀው ኪሴ ውስጥ የደበቅኩትን እጄን አውጥቼ መታወቂያዬን ሰጠኋት።