ስለ ጀማል ቀበቶ

«አደጋው የደረሰው ሠራተኛው በሥልጠና የተነገረውን ወደ ጎን ትቶ የደህንነት ቀበቶ ሳያስር በመውጣቱ ነው።»

ይህን ማስታወቂያ ዛሬ ጠዋት ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር በሚሠራ ሕንፃ በር ላይ ተለጥፎ አነበብኩት። ባለፈው ዓርብ ሥልጠናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ግንበኛው ጀማል ሰኞ ዕለት ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። ወገቡ ተሰብሯል፤ እግሮቹን ማንቀሳቀስ አይችልም። ጥፋቱ የራሱ ነው ከተባለ ካሳ አያገኝም።

ከበሩ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

«ኢንጂነር፣ እርስዎ እንዳሉን ቀበቶ ስጡኝ ብዬ ነበር፤ ወላሂ!» አለኝ።

«ፎርማኑስ ምን አለህ?»

«‹ሥልጠናው ዓርብ አለቀ፣ ዛሬ ሥራ ነው። የሱሪህ ቀበቶ አይበቃህም?› ብሎ ሳቀብኝ። እምቢ ብል ወዲያው ሌላ ሰው ይቀጥራል። ምን ላድርግ?»

በሥልጠናው ላይ ሁሉም በየተራ እያሰሩ የተለማመዱበት ቀበቶ የግሌ ነው። ለሠራተኞቹ በቁጥራቸው ልክ እንዲገዛላቸው እዚያው ለኃላፊዎቹ ተናግሬ ነበር፤ እሺ ብለው አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ለሁሉም የምስክር ወረቀት ታደለ። ፎርማኑም አንድ ወስዷል።

ጅማም ሆነ አሰንዳቦ፣ ከሠለጠናችሁ በኋላ ያለ ቀበቶ ፎቅ ላይ የተላካችሁ ካላችሁ እዚህ ሥር ጻፉ። ጀማል ብቻውን እንዳልሆነ ይታወቅ።

ማስታወቂያውን የለጠፈው ድርጅት ግን እስከ መጪው ዓርብ በጽሑፍ ይመልስልኝ፦ ጀማል ሳያስር ወጣ የተባለው የትኛውን ቀበቶ ነው? እኔ በዚያ ግቢ ያየሁት አንድ ቀበቶ ብቻ ነው። እሱም ከዓርብ ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ነው።