ዘርፉ ያላየችው መልስ

ዘርፉ ገሠሠ በመሥሪያ ቤቷ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፤ ሳቋ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ግቢው በር ይሰማል፣ ስሌቷ ደግሞ አይመረመርም። አዳማ ውስጥ ባለች አነስተኛ የመስኖ ዲዛይን ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድም ሰው "እስቲ ድገሚው" ብሏት አያውቅም። አባቷ ከመንዝ በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷ ግን ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የምታስኬድ የአዳማ ልጅ ናት።

ካልኩሌተሯ ግራፍ የሚስለው ዓይነት ነው፤ የቁልፎቹ ጽሑፍ ከመነካካት ብዛት ጠፍቷል። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች በሠራችበት የደጋ ፕሮጀክት አለቃዋ የነበሩት መሐንዲስ ናቸው የሰጧት። በእጅ ሲሠራ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን እኩልዮሽ ሶልቨር በሚባለው እኩልዮሽ ፈቺ ክፍሉ ትጽፍለታለች። ማሽኑ የውሃው ጥልቀት ስንት ሜትር ሊሆን እንደሚችል መነሻ ግምት ይጠይቃታል። ሁልጊዜ ዜሮ ነጥብ አንድ ትሰጠዋለች፤ መልሱ ከች ይላል። ዜሮ ነጥብ አንድን ያሳዩዋት እኚያው አለቃዋ ነበሩ። በዚያ ተዳፋት አገር ውሃው ስስ ሆኖ ስለሚሮጥ ግምቱ ልክ ነበር። ምክንያቱን ግን አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀች።

ባለፈው ጥቅምት ከአርሲ ነገሌ ወጣ ብሎ ሊሠራ ለታሰበ ቦይ መስክ ወረደች። የመስኖ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ዲዳ፣ ሰባን ያለፉ ገበሬ፣ ተቀበሏት። ውሃው በጠባቡ የግንብ ቦይ ሲያልፍ ጥልቀቱ ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን፣ ግድግዳውም ግማሽ ሜትር ቢሆን እንደሚበቃ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ አጠገባቸው ወዳለው አሮጌ ቦይ ወርደው ቆሙና ውሃው በዳሩ ላይ የተወውን ምልክት በዱላቸው አሳዩዋት፤ ከወገባቸው ይደርሳል።

"ልጄ፣ የኛ ውሃ አይሮጥም" አሉ። "አገሩ ሜዳ ነው። ይተኛል እንጂ አይሮጥም። አንቺ የምትነግሪኝ የሌላ አገር ውሃ ነው።"

ዘርፉ ፈገግ አለች። ልታሳምናቸው ካልኩሌተሯን አውጥታ በመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠችው። እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ያህል፣ በዜሮ ነጥብ አንድ ፋንታ የወገባቸውን ልክ፣ አንድ ሜትርን፣ ግምት አድርጋ ሰጠችው።

አንድ ነጥብ አሥራ ስድስት አለ።

ቁልፍ የተሳሳተች መሰላት። ደገመችው። በዜሮ ነጥብ አንድ ስትጀምር ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ ስትጀምር አንድ ሜትር ከአሥራ ስድስት። እኩልዮሹ ያው ነው፣ ቁጥሮቹም እነዚያው ናቸው። ግራፉን አሳለችው። መስመሩ ዜሮን ሦስት ቦታ ይቆርጣል፤ አንዱ ከዜሮ በታች ስለሆነ ውሃ ሊሆን አይችልም፣ ሁለቱ ግን እውነተኛ መልሶች ናቸው፤ ስሱ ለተዳፋት፣ ጥልቁ ለሜዳ። ማሽኑ አልዋሻትም። ለሰጠችው ግምት የቀረበውን መልስ ሲያነሳላት ኖሯል።

ክው አለች። ኦቦ ዲዳ አሟት እንደሆነ ጠየቋት፤ እሷ ካልኩሌተሯን አንስታ መኪናው ውስጥ ገባች። ወደ አዳማ ስትመለስ መኪናው ባቱ ከተማን መቼ እንዳለፈ አላወቀችም። ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ የድሮ ዶሴዎቿን አገላበጠች። አብዛኞቹ ተዳፋት ላይ ያሉ ስለነበሩ ደህና ናቸው። ሁለቱ ሜዳ ላይ ነበሩ። አንዱ ሳይገነባ ቀርቷል። ሌላው ከመልካሳ ወዲያ ባለ መንደር ከተገነባ አራት ዓመቱ ነው።

ወደዚያው መንደር ሄደች። እሷ በነደፈችው የቦዩ ግድግዳ አናት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አፈር የተሞሉ ጆንያዎች ተደርድረዋል። እልፍነሽ የምትባል ሽንኩርት አምራች አንዱን ጆንያ ስታስተካክል አገኘቻት። በየክረምቱ እንደሚደረድሩት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ግን ውሃው ጥሶ የእሷን ማሳ ጠርጎት እንደሄደ ነገረቻት። የምትናገረው የሰፈር ወሬ እንደምታወራ ተረጋግታ ነበር።

"ለምን ለቢሮው አልነገራችሁም?" አለች ዘርፉ።

"እንዲህ ተብሎ የተሠራ መስሎን ነዋ። ኢንጂነሯ ታውቃለች አልን።"

ዘርፉን የሶልቨሩ ቁጥር እንኳ እንዲህ አላስደነገጣትም ነበር። ከጆንያዎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጠች። "ኢንጂነሯ እኔ ነኝ" አለች።

እልፍነሽ አልተቆጣችም። "እንግዲያስ አስተካክዪው" ብላ ወደ ጆንያዋ ተመለሰች።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ሰይፈሚካኤል ነገሩ በጥገና ስም በዝምታ እንዲያልቅ ፈልገው ነበር። ዘርፉ እምቢ አለች። ስህተቱን በራሷ ስም ጽፋ፣ ግራፉን አያይዛ ሰጠቻቸው። ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ሳምንት ከተኛ በኋላ ፈረሙበት። ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ከእንግዲህም ማንኛውም ስሌት በሌላ መሐንዲስ ሳይታይ እንዳይወጣ ታዘዘ። የአርሲ ነገሌው ንድፍ ከመጀመሪያው እንደገና ተሠራ።

የመልካሳው ግድግዳ በጥር ከፍ ተደረገ። ዘርፉ ግንበኞቹ ሥራ እስኪጨርሱ በየቀኑ እየተመላለሰች ቆመች። በመጨረሻው ቀን ውሃው ሲለቀቅ ሜትሯን አስገብታ ለካች፤ ከግንቡ አናት አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ያልፋል። ጆንያዎቹን ለማንሳት እልፍነሽን አገዘቻት። ለተጠረገው ሽንኩርት ግን ቢሮውም ሆነ እሷ የሚሉት አላገኙም፤ እልፍነሽም አልጠየቀቻቸውም።