የአጎቴ እንግዳ

አጎቴ ቤታቸው የገባን ሰው ሁሉ ሂድ የማይሉ፣ የቆቦ ሰው ነበሩ። ከጆሯቸው በላይ ምስር የምታክል ቁስል ስትወጣባቸውም «እንግዳዬ» ብለው በጥምጥማቸው ሸፈኗት። ስንንጫጫ፣ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ እንግዳዬ ተኝታለች» ይሉናል፤ እንስቃለን።

«አጎቴ፣ ለሐኪም ያሳዩዋት» ብላቸው፣ «ወይ አንቺ! ቤቴ የገባችን እንግዳ ውጪ ልበላት?» አሉኝ።

ከዓመታት በኋላ የቁስሉ ሽታ ሲብስ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ጥምጥሙን ሲያነሳ ቁስሉ መዳፍ አክሏል። የቆዳ ካንሰር ነው፣ ያኔ ቢመጡ ይድኑ ነበር አለን።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው። ጥምጥማቸው እንደተጠመጠመ ሚስማሩ ላይ ነው፤ ባዶውን ሆኖም በዚያው በኩል እንዳበጠ ነው። አሁን ቀስ በሉ የሚለን የለም፤ በሥሩ ስናልፍ ግን ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።