የአባቴ የመጀመሪያ ምርመራ

ታኅሣሥ ሲገባ ደብረ ታቦር መንገድ ዳር ሴቶች እሸት ሽምብራ ከነቅጠሉ እሳት ላይ ጥለው ሲለበልቡ፣ እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ መንገድ እቀይራለሁ። ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል። ለኔ ግን የአባቴ ሽታ ነው።

አባቴ ያን ጊዜ ገና መርማሪ መሆኑ ነበር። ክረምቱን ሥልጠና ሰንብቶ መስከረም ላይ ሲመለስ፣ የደንብ ልብሱን አውልቆ በሲቪል ልብስ ሥራ መግባት ጀመረ፤ እናቴም «የመርማሪ ሚስት መሆን እንዲህ ነው!» እያለች ማለዳ ማለዳ ሸሚዙን ትተኩስለት ነበር። እኔማ ምን ልበላችሁ፣ በዓለም ላይ ከሱ የሚበልጥ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ከሥራ ሲገባ መዳፌን አገላብጦ እያየ «ዛሬ ስኳር ሰርቀሻል» ይለኝ ነበር፣ አይስትም።

የእናቴ ታናሽ እህት ትርንጎ እኛ ቤት ነበረች። ዐረብ አገር ሠርታ በዚያው ክረምት ተመልሳ፣ ጋፋት ያለውን የአባቷን መሬት ይዞ ያርስ የነበረው አያ ሙጬ አልለቅም ብሏት፣ ገበያ መሐል ተሰዳድበው ነበር። ቤት ስትገባ ግን ሳቂታ ነበረች፤ ጸጉሬን እየሠራች በዐረብኛ ታንጎራጉርልኝ፣ አባቴ የኔን እጅ ሲመረምርም የራሷን ዘርግታ «ጋሼ፣ እስቲ የኔንም ይዩልኝ!» ትለው ነበር። እሱ አገላብጦ አይቶ «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ሁላችንም በሳቅ እንሞታለን።

ኅዳር አልፎ እህል ሲከመር፣ አያ ሙጬ ክምሩን ሊጠብቅ በቀለሳት ጎጆ ውስጥ እንደተኛ ከነክምሩ ተቃጥሎ ሞተ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የመረመረው ይህን ነው። ሲመለስ ጫማው አመድ ለብሶ ነበር፤ ከኪሱ ግማሹ ከስሎ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ እሸት ሽምብራ አውጥቶ ለእናቴ አሳያት።

«ገዳይ የለም» አላት። «ሰውየው እሸት ሲጠብስ እንቅልፍ ጥሎት ነው። እሳቱ የተነሣው ከጎጆዋ ውስጥ ነው።»

«ተመስገን! ንገራቸዋ እንግዲህ!» አለች እናቴ።

ሊናገር ሲሄድ አለቃው «ሽምብራ ገደለው ብለህ ልትጽፍ ነው?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀበት፣ የሟች ወገኖችም ደማችን ፈሶ አይቀርም አሉ። አባቴ ደግሞ ከተሳቀበት አለቀለት። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ይቀመጥ ሲሉ እሺ አለ። በአውጫጭኝ አገሬው እንዳለ ሾላ ሥር ተሰብስቦ፣ ቄሱ «ያየ የሰማ ቢደብቅ ውግዝ ከመ አርዮስ!» ብለው ገዝተው፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም፤ ስሙን የሚያወጣው «ወፍ» የሚባል፣ ማንነቱን ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቁት ሰው ነው።

በዚያ ሰሞን ያለወትሮው ዝናብ መጣ። አገሬው ሾላው ሥር ኩርምት ብሎ፣ ያልተወቃ ጤፉ ሲበሰብስ ያይ ነበር። እዚህ ላይ ብልጠታቸው መጣ፤ ይህን የነገሩኝ ከዓመታት በኋላ በእናቴ ለቅሶ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። «የማይታሰር ሰው ፈለግን፣ ልጄ። የሚስቱን እህት ብንጠራለት አለባብሶ ይተወዋል፣ እኛም ወደ አውድማችን እንገባለን አልን።» ወፉ የትርንጎን ስም አወጣ። ወይ አባቴን አለማወቅ!

ከፖሊሶች ጋር ሲመጣ ትርንጎ ጸጉሬን እየሠራችኝ ነበር፤ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። «ተነሺ» አላት። ቀልድ መስሏት ሁለት እጇን ዘረጋችለት። «ጋሼ፣ ይዩልኝ እስቲ!» አለችው እየሳቀች። ካቴናውን አጠለቀላት።

እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ «ሽምብራውን! ያሳየኸኝን ሽምብራ ንገራቸው!» እያለች ጮኸች።

«ለዘመዱ አደላ ልባል?» አላት። ትርንጎን ከወሰዷት በኋላ ሽምብራውን ከመደርደሪያው አንሥቶ ምድጃ ውስጥ ጣለው፤ እሸቱ እየተንጣጣ ሲቃጠል ሽታው ቤቱን ሞላው፣ እሱም እስኪያልቅ ቆሞ አየ። ያን ቀን ጠላሁት፣ ዛሬም እጠላዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ እንጂ፣ በግዝት የወጣ ስም ተሳስተን ነው ብለው ለመመለስ ደፋር አልተገኘም። የገበያው ስድብ ምስክር ሆኖባት በዐቢይ ጾም ተፈረደባት። ክረምቱን እናቴ በጭቃው ስንቅ ስታመላልስ፣ አባቴ ማዕረግ ጨመረ። ሸሚዙን ግን እናቴ እስክትሞት ድረስ አልተኮሰችለትም።

አሁን አባቴ ጡረተኛ ነው፣ ዓይኑም ደክሟል። ትርንጎ ተፈታ ስትወጣ መሬቷ የሙጬ ልጆች ሆኖ ጠበቃት፤ መግቢያ አጥታ እኛው ጓሮ ክፍል ገባች፣ የምታበላውም እሷ ናት። በበዓል ወጣት ፖሊሶች ሊጠይቁት ሲመጡ «እኔ እኮ በመጀመሪያ ሥራዬ የገዛ የሚስቴን እህት ነው ያሰርኩት!» ይላቸዋል፣ እነሱም በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ጠላ የምትቀዳላቸው ሴት ማን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። ሲሄዱ ማስታጠቢያ ይዛ ትመጣለች። ድሮ እጇን የምትዘረጋው እሷ ነበረች፤ አሁን እሱ ይዘረጋል፣ እሷ ውሃ ታፈስለታለች፣ ዓይኑ አያይምና መዳፉን አገላብጣ ታይለታለች።

«ንጹሕ ነው፣ ጋሼ» ትለዋለች። የሚስቅ የለም።